ወዳጅነት ልንለካ ሪራ ወርደን

ከባሌ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። አየሽ ወይ? አይቻለሁ። ከመኪና ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትሄድ። ስለ ቀበሮ ያለኝ ይኸው ነው፤ ሌላውን ጎብኚዎች በደንብ አድርገው ጽፈውታል። እኔ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ደብረ ብርሃን የምኖር የሥነ ልቦና አስተማሪ ነኝ። ከባልደረባዬ ከዳንኤል ጋር የምንሠራው ጥናት ወንድና ሴት ወዳጅነትን እንዴት እንደሚይዙት፣ በተለይ ከወዳጃቸው ሲጣሉ እንዴት እንደሚታረቁ የሚጠይቅ ነው። ከተማ ውስጥ ጠይቀን ጨርሰን ነበር፤ የቀረን ገጠር ነው።

ጥናቱ የተወለደው ከክርክር ነው። ዳንኤል፣ ወንዶች ይደባደቡና ማታውኑ አብረው ይበላሉ፣ ሴቶች ግን ቂም ይዘው ይኖራሉ ባይ ነው። እኔ ደግሞ ወንዶች የታረቁ የሚመስሉት ነገሩን ስለማያነሡት ነው፣ እንደተኳረፉ ነው የሚያረጁት እላለሁ። በሙያችን ውስጥ ሴቶች ፊት ለፊት፣ ወንዶች ጎን ለጎን ይወዳጃሉ የሚል የቆየ አባባል አለ። ሴቶቹ እየተያዩ ያወራሉ፤ ወንዶቹ አንድ ነገር እያዩ አብረው ይሠራሉ ማለት ነው። ይህን አባባል ለወንዶች የተሰጠ ሰበብ አድርጌ ነበር የማየው። ባለቤቴ ከልጅነት ጓደኛው ጋር ከሰዓቱን ሙሉ ኳስ ሲያይ ይውልና ሲመጣ፣ «የእናቱ ሕመም እንዴት ሆነ?» ስለው «አልጠየቅሁትም» ይለኛል። ታዲያ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?

አሠራራችን ቀላል ነው። ሰውየውን ለብቻው እናነጋግራለን። ከሁሉ የሚቀርበው ወዳጁ ማን እንደሆነ ይነግረናል፤ ወዳጁንም ራሱ ይዞት ይመጣል። ከዚያ ሁለቱ ለአሥር ደቂቃ ብቻቸውን ተቀምጠው ያልተስማሙበትን አንድ ነገር እያነሡ ይነጋገራሉ፤ መቅጃው ይሠራል፣ እኛ እንወጣለን። ሴቶቹን የማነጋግረው እኔ፣ ወንዶቹን ዳንኤል። ሴቶቹ የነገሩኝን ለዳንኤል አልነግርም፣ እሱም ወንዶቹ ያሉትን አይነግረኝም፤ ቤታችን ስንመለስ ብቻ እናገናኘዋለን። ይህን ሕግ ስናወጣ በጣም ብልህ የሆንን መስሎን ነበር።

ሰኞ ከደብረ ብርሃን ተነሥተን አዲስ አበባ አደርን። ከአዲስ አበባ የማስታውሰው ቻርጀሬን አልጋ ቤት ረስቼ መውጣቴን ብቻ ነው።

ማክሰኞ በጠዋት የሮቤ አውቶቡስ ላይ ወጣን። ዳንኤል የአሰላ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም የእናት አፉ ነው። አሰላ ለምሳ ስንቆም እናትና አባቱ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። እናቱ በአንድ እጃቸው ፌስታል ሙሉ ጩኮ፣ በሌላው የእኔን እጅ ይዘው አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ምራት፣ ስለ ዳንኤል አለማግባት፣ እኔ ለምን አንድ ነገር እንደማላደርግለት ነገሩኝ። ከዚያ በፊት አይተውኝ አያውቁም። አባቱ በበኩላቸው ከልጃቸው አጠገብ ቆመው የአውቶቡሱን ጎማ በጫማቸው ነካ አደረጉና «ደህና ነው» አሉ። ዳንኤልም ጎማውን አየና «ደህና ነው» አለ። ተለያዩ። መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ «ጥናቱ አለቀ፤ እንመለስ» አልኩት። ጩኮውን ብቻውን ይበላ ጀመር።

ጩኮ የገብስ በሶ በቅቤ የታሸ ነው። እኛም አገር በሶ አለ፤ የእኛ ግን ቅቤው ለስሙ ነው፣ የእነሱ በሶው ለስሙ። ከአሰላ ወዲያ መንገዱ ግራ ቀኙ የእህል ማሳ ነው። ደብረ ብርሃን ገብሳችንን በድንጋይ ካብ አጥረን፣ ቁራሽ በቁራሽ ከፋፍለን ነው የምናርሰው። እዚህ ማሳው ዓይን እስኪታክት ይሄዳል፤ ኮምባይነሩ ገብቶበት እንደ አሻንጉሊት ያንሳል። ቀናሁ። ዲንሾ ስንደርስ ጉም ወረደ። ደጋ አጋዘኖች አስፋልቱ ዳር ቆመው ሣር ይግጣሉ፤ ሹፌሩ ጥሩምባ ቢነፋም ቀና አላሉም። ተሳፋሪውም ቀና አላለም፤ እኔ ብቻ ነኝ መስኮቱን የከፈትኩት፤ ከኋላዬ የተቀመጡት ሰውዬም «እህቴ፣ ብርዱን አስገባሽብን» ብለው አስዘጉኝ።

ሮቤ የደረስነው ሲመሻሽ ነው። ጋሪውም ባጃጁም በአንድ መንገድ ላይ ይጋፋል፤ ይኼ የእኛኑ ከተማ ስለሚመስል ወዲያው ደስ አለኝ። ባጃጅ ተሳፍረን ስንሄድ ሻንጣዬ ከኋላ ተንሸራቶ ወደቀ። ያነሣው ባለጋሪ ፈረሱን እያስጋለበ ተከትሎን አልጋ ቤቱ በር ላይ አስረከበኝ፤ አመስግኜው ሳልጨርስ ፈረሱን አዙሮ ሄደ። በአልጋ ቤቱ ውኃ አልነበረም፤ ባለቤቲቱ ሙቅ ውኃ በባልዲ አመጡልኝና ታጥቤ እስክጨርስ ከበሩ ውጭ ቆመው ስለ ውኃው መጥፋት ይቅርታ ጠየቁኝ።

ረቡዕ ሪራ በምትባለው መንደር እንድንሠራ ሮቤ ውስጥ ፈቃድ ስንለምን አረፈድን፤ ተሰጠን። ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ጎባ ገባን። ያረፍንበት ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ ፀጌ ይባላሉ፤ አያታቸው ከመንዝ የመጡ ናቸው። እኔ ከወዲያ መምጣቴን ሲሰሙ ሁለቴ ሳሙኝ። መንዝን ረግጠውት አያውቁም።

«ብርዱ እንዴት ነው?» አሉኝ። «የእኛ ይብሳል ይላሉ እዚህ።»

ስለ ብርድ የሚያስተምረኝ ሰው አልፈልግም አይነት መልስ ሰጠኋቸው። ጎባ ላይ ያደርኩት ሌሊት ግን አፌን አስያዘኝ። ካልሲ፣ ሹራብ፣ ጃኬት ለብሼ ተኝቼ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ወይዘሮ ፀጌ ሲነጋ ምንም ሳይናገሩ የራሳቸውን ጋቢ አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉብኝና «ሪራ ይዘሽው ውረጂ፤ ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ» አሉ። ሪራ ማን ዘንድ እንደምናርፍ ሲጠይቁን ገና አላወቅንም ነበር። «ምን ማለትሽ ነው፣ ፋጡማ እያለች!» አሉና ስልክ አወጡ። ወይዘሮ ፋጡማ ጎባ ተወልደው ያደጉ፣ ከፀጌ ጋር በአንድ አጥር ልጅነታቸውን ያሳለፉ ሴት ናቸው፤ ትዳር ነው ሪራ ያወረዳቸው። ሁለቱ በስልክ ሲያወሩ ሻይ ቀዘቀዘ፣ ሌላ ተቀዳ፣ እሱም ቀዘቀዘ። እኔ ዳንኤልን አየሁት፤ ዳንኤል ጣሪያውን አየ።

ሐሙስ ዕቃ የጫነ አይሱዙ ላይ ተለጥፈን ከፍተኛውን የሰነቲ አምባ አቋረጥን። ሜዳው ላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደቆመ ሰው ነው፤ ዛፍ የሚባል የለም። ከፍታው ራሴን ስላሳመመኝ ስለ ውበቱ ልጽፍ አልችልም። ከዚያ ገደሉን በጠመዝማዛ መውረድ ስንጀምር አየሩ እየሞቀ፣ ዛፉ እየረዘመ ሄደ፤ ሐረና ጫካ አፋፍ ላይ ሪራ አለች። ቤቶቿ የቀርከሃ ናቸው።

ወይዘሮ ፋጡማ መንገድ ወጥተው ጠበቁን። በአንድ ትንፋሽ «አካም? ነጋ? ብርዱ ጎዳሽ? ፀጌ ደህና ናት? ጉልበቷስ?» አሉኝ። ባለቤታቸው ኦቦ ሐሰን በሩ ላይ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራ እግራቸውን ትንሽ የሚጎትቱ ሰው። ዳንኤልን ጨብጠው «መንገዱ?» አሉት። «ደህና።» በቃ። ማታ ገንፎ በቅቤ፣ እርጎ ቀረበልን። ሥጋ አልነበረም፤ ክርስቲያኖች መሆናችንን አውቀው ሥጋ የሚባል ነገር ጨርሶ ከማዕዱ እንዳስወጡት የገባኝ ልጃቸው ኢፍቱ ለነሱ የተሠራውን የሥጋ ወጥ ጓዳ ተቀምጣ ስትበላ ሳይ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ታገባለች። ሙሽራ ጓዳ ተቀምጣ እንግዳ ሳሎን ሲበላ ማየቱ አሳፈረኝ።

ዓርብ ሥራ ጀመርን። ወንዶቹ ጁምዓ ሲሄዱ እኔ ከወይዘሮ ፋጡማ ጋር ከቤቱ ጀርባ ተቀመጥኩ። ከሁሉ የምትቀርባቸው ሴት ማን እንደሆነች ስጠይቃቸው ጥያቄውን ሳልጨርስ «ዘይነባ» አሉ። ዘይነባ ከወንዙ ማዶ ነው ቤቷ። ሁለቱ ተጣልተው ያውቃሉ ወይ? «ሁልጊዜ!» ሳቁ። «ባለፈው ሳምንት እንኳ በጎመን ዘር ተጣልተናል። በማግስቱ መጥታ ‹ጥፋቱ ያንቺ ነው› አለችኝ፤ ‹ያንቺ ነው› አልኳት። ሻይ ጠጣን።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኛስ ምንም አይደል። የኛ ባሎች ናቸው ነገር የሆኑብን።»

የነገሩኝ ይህ ነው። የዘይነባ ባል አማንና ሐሰን ከጎረምሳነታቸው ጀምረው አብረው ማር ቆራጮች ናቸው። በዚህ አገር ቀፎው የሚሰቀለው ትልልቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ነው። አንዱ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወጣል፤ ሌላው ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ አሳልፎ ከሥር ይይዘዋል፣ ይለቅለታል፣ ይስብለታል። ወጪው ሐሰን፣ ገመድ ያዡ አማን ነበሩ። ባለፈው ዓመት ሐሰን ከትልቁ የኮሶ ዛፍ ላይ ሲወርዱ ወደቁና እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሰረው፣ እግሩ እንዳየሁት ሆኖ ገጠመ። ቅርንጫፉ ተሰብሮ ይሁን ገመዱ ላልቶ ማንም አላየም። ሐሰን ግን መሬት ላይ እንደተጋደሙ፣ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በሰማበት፣ «ለቀቀኝ» አሉ።

«አማን አልመለሰለትም» አሉኝ ወይዘሮ ፋጡማ። «ተሸክሞ እዚህ ድረስ አመጣው። አልጋው ላይ አስተኛው። ከዚያ ወዲህ ይኼን በር አልረገጠም። ሐሰን ‹ይቅርታ ይበለኝ› ይላል። አማን ደግሞ ‹ሰው ፊት ያለውን ይመልስ› ይላል። ለማን ነው የሚሉት? አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለዘይነባ! እኛ ውኃ ስንቀዳ እንገናኝና እንነጋገራለን፤ እነሱ እርስ በርስ ቃል የለም።»

«ሽማግሌ አልገባም?»

«ሽማግሌ ምን ብሎ ይገባል? አልተጣላንም ነው የሚሉት ሁለቱም።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ኢፍቱ የተወለደች ቀን አማን ነው ያቀፋት፤ ስትዳር ከበር ቆሞ መርቆ የሚሸኛት እሱ እንዲሆን ያን ቀን ተባለ። ለሙሽራ የሚሆነው ማር ደግሞ ያ ኮሶ ላይ ነው። ሌላ ሰው ገመድ እይዛለሁ ቢለው ሐሰን እምቢ አለ። ልጄ ያለ ምርቃት፣ ያለ ማር ልትወጣ ነው። ወላሂ፣ እሱን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።»

ኢፍቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ለአባቷ ግን አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም ብለው አለቀሱ። ከዚያ እጄን ያዙና «ለዚያ ልጅ እንዳትነግሪው» አሉኝ። ለዳንኤል ማለታቸው ነው። በማርያም ብዬ ማልኩ፤ ሕጋችንም ያው ነበር። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዘይነባ መጡ። አማርኛ ስለማይናገሩ በወይዘሮ ፋጡማ አስተርጓሚነት፣ ሁለቱን አስቀምጬ ለአሥር ደቂቃ ያልተስማማችሁበትን ተነጋገሩ ብዬ ወጣሁ። የመቅጃው ባትሪ እስኪያልቅ አወሩ። በኋላ ወይዘሮ ፋጡማ እየተረጎሙልኝ ሳዳምጠው የጎመኑ ዘር አልቆ፣ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎበት፣ የሁለቱ ባሎች ጉዳይ ነበር መጨረሻው።

በዚያው ሰዓት ዳንኤል ከኦቦ ሐሰን ጋር ነበር። ማታ ሲመጣ ፊቱ በርቷል። ምን እንዳሉት አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ሕግ አክባሪዎች ነን።

ቅዳሜ ጠዋት ዳንኤል ብቻውን ወጣ። እኔ ኢፍቱን የሠርግ ልብሷን ስታዘጋጅ ሳግዛት አረፈድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ዳንኤል ጭቃ እስከ ጉልበቱ ለብሶ፣ እየሣቀ ገባ።

«መሲ፣ የወንዶቹም ጥንድ ተገኘ! ነገ ይቀመጣሉ።»

«ማንና ማን?» አልኩት፤ ልቤ ግን አስቀድሞ ፈርቷል።

«ኦቦ ሐሰንና አማን የሚባል ሰው። ከወንዙ ማዶ ነው። ሄጄ ጠራሁት።»

«አንተ ጠራኸው? ራሱ ሐሰን አይደለም እንዴ ይዞ የሚመጣው?»

«እግሩን አታይም? ከሁሉ የሚቀርብህ ማነው ስለው ‹አማን› አለኝ። ይዘኸው ና ስለው ‹እሱን መጥራት አልችልም› አለ። እዚያ ቁልቁለት በዚያ እግር እንዴት ይውረድ? እኔ እጠራዋለሁ አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ እሺ ማለቱ ነው ብዬ ሄድኩ።»

ዳንኤል ደግ ሰው ነው። ለዚህም ነው ልገድለው የፈለግሁት። የአንድ ሰው አፍ ያወጣውን፣ እኛ ብቻ ልንሰማው ቃል የገባንለትን፣ ተሸክሞ ወንዝ አሻግሮ ሄዷል።

«ምን ብለህ ጠራኸው?»

«ሐሰን ከሁሉ የሚቀርበኝ አማን ነው ብሏልና ና አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ድንች እየኮተኮተ ነበር። መቆፈሪያውን አስቀመጠ። ‹ሐሰን ነው እንዲህ ያለው?› አለኝ። አዎ አልኩት። ‹በአፉ?› አለኝ። በአፉ አልኩት። ‹ነገ እመጣለሁ› አለና መኮትኮቱን ቀጠለ። ምነው? ምን ሆንሽ?»

ልነግረው አልችልም። ምያለሁ። ጎመን በጤና ይሏል ይኼ ነው፤ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ብከራከር ምን ጎደለብኝ! ሳህኔን አስቀምጬ ወጣሁና ለወይዘሮ ፋጡማ የሆነውን ነገርኳቸው፤ ለሳቸው መንገር ሕጉ ይከልክል አይከልክል ያን ሰዓት አላሰብኩም። ሐሰን ከነገር ሁሉ አብልጦ የሚሸሽገው ይህን ነው አሉኝ። ለዓመት «አማን ማነው?» ሲል የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ናፍቆቱ ወንዝ ማዶ ደርሷል። ቢያፍር ጭራሽ ይዘጋዋል፣ ሠርጉም ያኔ አለቀለት። እንንገረው አልኩ። «ተይው» አሉኝ። «ካወቀ ጫካ ይገባል። ሳያውቅ ይገኝ።»

እንግዲህ ተሳታፊን በፈቃዱ ብቻ ነው የምናስቀምጠው እያልኩ የማስተምር ሰው፣ ያን ማታ ከሐሰን ሚስት ጋር ተማክሬ አፌን ዘጋሁ።

እሑድ ጠዋት ካፊያ ነበር። አማን ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ቆባቸውን በጥንቃቄ ያደረጉ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ዘይነባ ሦስት እርምጃ ያህል ከኋላቸው ይመጣሉ። ኦቦ ሐሰን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በሩን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ፤ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፣ ተመልሰው ተቀመጡ። አማን በሩ ላይ ቆሙ። «አሰላሙ አለይኩም» አሉ፤ ለቤቱ ነው ለሰውየው አልታወቀም። «ወአለይኩም ሰላም» አሉ ሐሰን፤ መሬቱን እያዩ።

አማን ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሌላ መቀመጫ አልነበረም፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ሆኑ፤ ሁለቱም ፊታቸው ወደ ክፍቱ በር፣ ወደ ዝናቡ። ዳንኤል ምንም ሳያውቅ መቅጃውን በመካከላቸው አኖረና በኦሮምኛ መመሪያውን ሰጠ፤ በመካከላችሁ ያልተስማማችሁበትን አንድ ነገር አንሥታችሁ ተነጋገሩ። ወይዘሮ ፋጡማ ከውጭ ሆነው ይህን ሲሰሙ ክንዴን ጨመደዱት።

ጣሪያው ጫፍ ሥር ቆመን ጠበቅን። ምንም አይሰማም። ዳንኤል ሰዓቱን ያያል። አሁንም ምንም የለም። «አልገባቸውም መሰለኝ፤ ልግባና ላስረዳቸው» ሲል ወይዘሮ ዘይነባ በሰውነታቸው በሩን ዘጉበት። «ተው» አሉት፤ ከዚያች ሴት አፍ የሰማሁት የመጀመሪያ አማርኛ ነው።

አሥር ደቂቃው ካለፈም በኋላ ቆዩ። ከዚያ አማን ብቻቸውን ወጥተው፣ ሚስታቸውንም እኛንም ሳያዩ፣ ወደ ወንዙ ወረዱ። ወይዘሮ ፋጡማ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። ዳንኤል ገብቶ መቅጃውን አመጣ፤ ኦቦ ሐሰን እንደተቀመጡ ናቸው አለ። ከጓሮ ሆነን አብረን አዳመጥነው፤ አሁን እንኳ ሕጉ የት እንዳለ የጠየቀ የለም። ዝናብ ነው የሚሰማው። ሳል። ዝናብ። የአግዳሚው መንቋቋት። ከዚያ ወደ መጨረሻው ላይ፣ ዳንኤል እንደተረጎመልኝ፣ ይህ አለበት።

አማን፤ «እግርህስ?»

ሐሰን፤ «ብርድ ሲሆን ነው።»

ዝናብ።

አማን፤ «ኮሶው ላይ ያለው አልተቆረጠም አሉ።»

ሐሰን፤ «ማን ይወጣል?»

ዝናብ። ወይዘሮ ዘይነባ ወደ መቅጃው ጎንበስ አሉ።

አማን፤ «እኔ እወጣለሁ። አንተ ያዝ።»

ከዚያ በኋላ መቅጃው ላይ ያለው የአማን እግር ኮቴ ብቻ ነው። ዳንኤል ወደኔ ዞሮ «ታዲያ የተነጋገሩት ይኼው ነው? ያልተስማሙበት ነገር የታለ?» አለኝ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ፋጡማ ፈቀዱልኝና ሁሉን ነገርኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «ምን አደረግሁ?» አለ። ደጋግሞ ነው ያለው።

አማን የሄዱት ገመዱን ሊያመጡ ነበር። ለዓመት እሳቸው ቤት ተሰቅሎ የኖረ ከቆዳ የተገመደ ጠፍር ነው። ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ትልቁ ኮሶ ሄድን። ሴቶች ከዚያ ዛፍ ሥር ብዙ አይሄዱም አሉኝ፤ ያን ቀን ግን ማንም አልከለከለንም። ጎረቤቱም ተከተለ፤ ባለፈው ዓመት «ለቀቀኝ» የተባለውን የሰማ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል። ማንም አልጠራቸውም። ኢፍቱም ሙሽራነቷን ረስታ መጣች።

ዛፉን ቀና ብዬ ሳይ ራሴን አዞረኝ። ቀፎው ከላይ፣ ቅርንጫፎቹ መካከል ጥቁር ሆኖ ይታያል። አማን በዕድሜያቸው ዛፍ ወጥተው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ከሥር ነበሩ። ይህን ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው የነገሩኝ፤ ወይዘሮ ፋጡማ ተረጎሙልኝ። አማን ገመዱን ቅርንጫፉ ላይ አሳለፉ፤ አንዱን ጫፍ ወገባቸው ላይ ቋጠሩ፤ ሌላውን ለሐሰን ሰጡ። ንቡን የሚያባርረውን የሚጨስ ቅርፊት ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉ። ሐሰን ገመዱን ተቀበሉ። የተሰበረውን እግራቸውን የዛፉ ሥር ላይ አስደግፈው ቆሙ፤ ቁመታቸው ተጣምሟል፣ እጃቸው ግን አልተንቀሳቀሰም።

አማን መውጣት ጀመሩ። አንድ ቦታ ላይ እግራቸው አዳለጣቸው፤ የሰው ሁሉ ድምፅ ወጣ፤ ገመዱ ተወጠረ፣ ያዘ። ሐሰን እዚያው ናቸው። ዳንኤል ተንደርድሮ ሊያግዛቸው ጫፉን ሲነካ ሐሰን ሳያዩት በትከሻቸው ገፉት። ከዚያ የተረፈውን ገመድ ሳብ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በራሳቸው ወገብ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው ቋጠሩት።

ያ እግር ሰው መሸከም አይችልም። ላይኛው ቢወድቅ ታችኛውም አብሮ ይሄዳል፤ ከእንግዲህ መልቀቅ የሚባል ነገር የለም። ይህን ከእኔ በቀር የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም፤ እኔም ወይዘሮ ዘይነባ ሲያለቅሱ አይቼ ነው የገባኝ። ከቆሙት ሽማግሌዎች አንዱ ቀስ ብለው ቆባቸውን አወለቁና መልሰው አጠለቁ።

አማን ከላይ ሆነው ቁልቁል አዩ። ቋጠሮውን አዩት። ፊታቸውን ወደ ቀፎው መልሰው መውጣታቸውን ቀጠሉ።